ከሙላጎ ኮረብታ የተነሳው የማይክ ታሪክ

ካምፓላ ውስጥ ከቡኮቶ ተነስቶ ካምዎኪያን ያቋረጠ ሰው ሙላጎ ኮረብታ ለመድረስ ብዙ አይደክምም። ማይክ የተባለው ፕሮቲን በሰው ካንሰር ውስጥ ያለው ድርሻ የተገለጠው በዚህ ኮረብታ ሆስፒታል በታየ በሽታ አማካይነት ነው። የካምፓላ ድርሻ የሚገባውን ያህል የተነገረለት አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1957 ሐኪሙ ሂው ትሮወል አንድ የአምስት ዓመት ልጅ እንዲያይለት ቀዶ ሐኪሙን ዴኒስ በርኪትን ጠራው። የልጁ መንጋጋ ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ አብጧል። ከሳምንታት በኋላ በርኪት ጂንጃ በተባለ ከተማ ተመሳሳይ እብጠት ያለበት ሌላ ሕፃን አየ። መዝገብ አገላብጦ በ1958 ጻፈው፤ በ1961 ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በመኪና 10,000 ማይል ያህል ተጉዞ በሽታው የሚበዛው ሞቃትና ዝናባማ በሆነ አካባቢ መሆኑን ለየ። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ንግግሩን የሰማው አንቶኒ ኤፕስታይን ከካምፓላ በአውሮፕላን ናሙና እያስመጣ፣ በ1964 ከባልደረቦቹ ጋር በእብጠቱ ሕዋሳት ውስጥ ቫይረስ ማግኘቱን አስታወቀ።

ቫይረሱ ብቻውን ግን ምላሽ አልሆነም። በ1976 በእብጠቱ ሕዋሳት ውስጥ የ8ኛውና የ14ኛው ክሮሞሶም ቁራጮች ቦታ መለዋወጣቸው ታወቀ፤ በ1982 ደግሞ የሚዛወረው የማይክ ጂን መሆኑ ተደረሰበት። አዲሱ ጎረቤቱ አንቲቦዲ የሚያሠራ ጂን ነው። ይህ ጂን ካንሰሩ በሚነሳበት የነጭ ደም ሕዋስ፣ በቢ ሕዋስ፣ ውስጥ ዘወትር ይሠራል፤ ማይክም በእሱ ጎትጓችነት ያለ ልጓም ይመረታል።

የማይክ ሥራ ዲኤንኤ ላይ አርፎ ሌሎች ጂኖችን ማንቃት ነው፤ ብቻውን ግን ዲኤንኤን አጥብቆ አይዝም። በ1991 ከታወቀው ማክስ የተባለ ፕሮቲን ጋር ሲጣመር ሁለቱ ከግራና ከቀኝ እንደ ጉጠት ዲኤንኤውን ይይዙታል። የሚፈልጉት ስድስት ፊደል ነው፦ ሲ-ኤ-ሲ-ጂ-ቲ-ጂ። ፊደላቱ በተቃራኒው ገመድ ሲነበቡም አይለወጡም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮቲን ግማሹን ይወስዳል። ገመዶቹን መፍታት ሳያስፈልግ፣ አሚኖ አሲዶቹ በዲኤንኤው ሰፊ ጎድጓድ ገብተው የፊደላቱን ጠርዝ ይነካሉ። ናይር እና በርሊ ይህን በ2003 በክሪስታል ጥናት አሳይተዋል።

ስድስት ፊደል አጭር ነው፤ በጂኖማችን ውስጥ ብዙ ሺህ ቦታ ይገኛል። ማይክ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው በአመዛኙ ዲኤንኤው የቱ ጋ ክፍት እንደሆነ ነው። ሲበዛ ግን በጤናው ጊዜ የሚያልፋቸውን ደካማ ቦታዎች ሳይቀር ይይዛል። የበርኪት እብጠት ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ የሚሆነው በዚህ ጉልበት ነው።

ማይክን በቀጥታ መግታት እስካሁን አስቸጋሪ ነው፤ መድኃኒት የሚሰካበት ጎድጓዳ ቦታ የለውም። ሙላጎ ላይ በ1967 የተከፈተው የካንሰር ተቋም ግን ሕፃናቱን በሳይክሎፎስፋማይድ ማከም የጀመረው የማይክ ድርሻ ከመታወቁ በፊት ነው፤ ብዙዎቹም ድነዋል። ዛሬም የሕክምናው መሠረት ይኸው መድኃኒት ነው።