የጣና ወደቦችና የታንኳ ሠሪዎች

በአቃቂ ቃሊቲ የምንኖር ተማሪዎች ወደብን የምናውቀው በጭነት መኪና ነው። ከጅቡቲ የመጣው ኮንቴይነር በደጃችን ያልፋል፤ በቃሊቲ ጉምሩክ ይፈተሻል፤ ባሕሩን ራሱን ያየ ግን ከመካከላችን ጥቂት ነው። በ2025 (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጣና ነሽ ፪ የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ወደ ጣና መጓዝ በጀመረች ጊዜ በክፍላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን «መርከብ በደጋ ምን ይሠራል?» ብሎ ሳቀ። ሌላው የጎጃም ልጅ ነበርና «ጣናን ያላየ እንዲህ ይላል» ብሎ መለሰለት። ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ፍሬ ነው።

በእርግጥም ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በሚገኘው በዚህ ሐይቅ ላይ ከወደብ ወደ ወደብ የሚደረግ ጉዞ አዲስ ነገር አይደለም። ለብዙ ዓመቶች በየሳምንቱ አንድ የሕዝብ መርከብ ከባሕር ዳር እየተነሣ ዘጌን፣ ደቅ ደሴትን፣ ቁንዝላን እየነካ ወደ ጎርጎራ ይሄድ ነበር። ሌሊቱ የሚያልፈው በቁንዝላ ስለ ነበረ ጉዞው ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር። የውጭ አገር ጎብኚ ይህን ለመዝናናት ይሳፈርበታል፤ የደቅ ገበሬ ግን እህሉን ይዞ ወደ ገበያ ይሄድበታል። በአንድ መርከብ ላይ ሁለት ዓይነት ጉዞ ነበረ ማለት ነው።

ስለ ጣና ደሴቶች የተጻፈው ብዙ ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አጽም እንደሚገኝ፣ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት በጣና ቂርቆስ እንደ ቆየች በትውፊት እንደሚነገር፣ እቴጌ ምንትዋብም በ18ኛው መቶ ዓመት በደቅ ላይ ናርጋ ሥላሴን እንዳሠሩ ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተናል። ነገር ግን መምህራኖቻችን ይፍቀዱልንና አንድ ጥያቄ እናንሣ። የንጉሡ አስከሬን፣ የብራናው መጽሐፍ፣ ለግንቡ የሚሆነው እንጨትና ኖራ ውሃውን በምን ተሻገረ? ከታንኳ በቀር ሌላ መልስ አላገኘንም።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ከደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ እየታሰረ ይሰፋል፤ ጫፉም ወደ ላይ ይቀለበሳል። ከጉዞ ሲመለስ ውሃው እንዲንጠፈጠፍለት በዳር ይቆማል፤ እንዲህም ሆኖ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው ከጥቂት ወራት አያልፍም። ስለዚህ ሠሪው ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የዘጌ ሰው በልማድ መሬቱን አያርስም፤ ቡናውንና ማገዶውን ሸጦ እህል የሚገዛ ነውና፣ ለእርሱ ታንኳ ማለት ለሌላው አገር ገበሬ በሬ ማለት ነው።

ታንኳ የመሸሸጊያም ቁልፍ ነበረ። በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት የየብሱ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ንዋየ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ እንደ ተሻገሩ ይነገራል። ደሴቱን የሚጠብቀው ግን ውሃው ብቻ አልነበረም፤ ታንኳው በማን እጅ እንዳለ ነው። ይህን ከዐፄ ቴዎድሮስ ይበልጥ የተረዳ ንጉሥ ያለ አይመስለንም። በ1866 በጣና ዳር ሰፍረው ሳሉ፣ በእስር የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደ ጻፈው፣ የባሕር ማዶውን የእንፋሎት መርከብ አስመስለው በእጅ የሚዞር መንኰራኵር ያለው ትልቅ የደንገል ጀልባ አሠሩ። ሙከራው አልሰመረም። ሰው ሲያነበው ፈገግ ይላል፤ እኛ ግን አልሳቅንም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ንጉሡ በምጥርሃ ደሴት የተጠለለውን ሕዝብ ሲያስፈጁ ውሃው አላዳነውምና።

ሞተር ያላቸው ጀልባዎች በሐይቁ ላይ የበረከቱት ኢጣልያኖች አገራችንን በያዙበት ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ነው። ጎርጎራንም ወደብ አደረጓት። ከዚህ በኋላ የወደብ ትርጕም ተለወጠ። ታንኳ ሣር በበቀለበት ዳር ሁሉ ይቆማል፤ ብረቱ መርከብ ግን ጥልቅ ውሃና መጠጊያ ይሻል። መርከቡ የሚቆምበት ስፍራ ወደብ ተባለ፤ የማይቆምበት ተረሳ። በ19ኛው መቶ ዓመት የነጋዴ ከተማ የነበረችውን በምሥራቁ ዳር ያለችውን ቆራጣን ዛሬ ከተማሪዎቻችን ስንቱ ያውቃታል?

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ታንኳ መነኵሴውም ገበሬውም ይሠራል፤ በዚህ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የታወቁት ግን ወይጦዎች ናቸው። ጥንት ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ ሃይማኖታቸው እስልምና ነው፤ የራሳቸው ቋንቋ እንደ ነበራቸው ይነገራል፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን የሚናገሩት አማርኛ ነበር። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ጎረቤት ተጸይፏቸው ኖሯል። በታንኳቸው የተሻገረው ሰው ከእነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ አይቀመጥም ነበር። የነገሥታቱ ዜና መዋዕልና የቅዱሳኑ ገድል ንጉሡ እንደ ተሻገረ፣ ጻድቁም ከማዕበል እንደ ዳነ ይነግሩናል፤ ደንገሉን ያሰረውን ሰው ስም ግን እስካሁን ባነበብነው ገጽ ሁሉ ፈልገን አላገኘንም።

የደንገሉ ዝና ከሐይቁ አልፎ መሄዱ ነገሩን የባሰ ያስገርማል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት ባሰበ ጊዜ ደንገሉን ያስጫነው ከጣና ነው። በ1969 በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ ራ የተባለችውን ጀልባ የሠሩለት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሥታ ከመድረሷ በፊት ተበላሸች። በ1970 ሁለተኛዋን ራ ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች አሰሩለት፤ እርሷም ከሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደሴት ደረሰች። ሄየርዳል የቻዶቹን ወይም የቦሊቪያዎቹን መምረጡን አንነቅፍም፤ ለዚያ ባሕር የሚስማማ አሠራር ከእነርሱ አግኝቷል። ነገር ግን የጣና ደንገል በካሪቢያን ባሕር ወደብ ሲቆም ደንገሉ በበቀለበት ዳር የሚኖሩት ሠሪዎች ከጀልባዋ ሠሪዎች መካከል አልነበሩም።

ዛሬ የታንኳው ቦታ በእንጨትና በብረት ጀልባ እየተያዘ ነው፤ ልጆቹም ከአባታቸው ይህን ሥራ ለመማር አይቸኩሉም። የጎጃሙ ጓደኛችን ለክረምት ወደ አገሩ ሲሄድ የታንኳን ክፍሎች ስም፣ ደንገሉ የሚታጨድበትን ወር፣ የሠሪዎቹንም ስም ከነአባታቸው ከሽማግሌዎች ጠይቆ እንዲጽፍልን ደብተር ሰጥተነዋል። ከባሕር ዳር፣ ከዘጌ፣ ከደንቢያ የመጣችሁ ተማሪዎችም የምታውቁትን ብትጨምሩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።