ማኒቬላ ያዞረችው የኖቤል ተሸላሚ

ማሪ ኩሪን አብዛኞቻችን የምናውቃት በራዲየም ነው። ሁለት ጊዜ ኖቤል መሸለሟንም ከትምህርት ቤት እናስታውሳለን። መንጃ ፈቃድ እንደነበራትስ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው፤ በ48 ዓመቷ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይን እያመሰ ሳለ።

ጦርነቱ በ1914 ሲጀመር ኤክስሬይ ከተገኘ 19 ዓመት ሆኖታል። ማሽኑ ያለው ግን በአብዛኛው ከተማ ውስጥ ነው፤ ቁስለኛው ደግሞ ግንባር። ግንባር ያለው ሐኪም ፍንጣሪው የት እንደገባ ሳያይ በግምት ሥጋ ይቆፍራል። ኩሪ ታዲያ ምን አለች? ቁስለኛው ወደ ማሽኑ መምጣት ካልቻለ፣ ማሽኑ በመኪና ወደ ቁስለኛው ይሂድ።

እሺ፣ መብራቱስ ከየት ይመጣል? እኔን በጣም የሚማርከኝ ይሄኛው ክፍል ነው። መኪናው ላይ ዲናሞ ተጫነ። መኪናው ሆስፒታሉ በር ላይ ይቆማል፣ ሞተሩ ግን አይጠፋም፤ ዲናሞውን ያዞራል። ኬብሉ በመስኮት ይገባል፣ ክፍሉ በመጋረጃ ይጨልማል፣ ቮልቴጁ ወደ አሥር ሺዎች ከፍ ተደርጎ ለኤክስሬይ ቱቦው ይሰጣል። ስለዚህ ሾፌር ማለት እዚህ ጋ መሪ የሚይዝ ሰው ብቻ አይደለም፤ የኃይል ማመንጫውም ኃላፊ ነው። ሞተሩ ከተንተፋተፈ ምስሉም ይበላሻል።

መንዳቱም ቢሆን እንደዛሬው ቁልፍ ማዞር አልነበረም። ሞተር የሚነሳው ከፊት ለፊት ማኒቬላ በመጠምዘዝ ነው። ካንዴላው ቀድሞ ከተኮሰ ማኒቬላው ወደ ኋላ ተወርውሮ ክንድ ይሰብራል። ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ሁለቴ መርገጥ ያስፈልጋል። ኩሪ ጎማ መቀየርና ካርቡራተር ማጽዳትም ተምራለች፤ ሾፌር እስኪገኝ መጠበቅ ስለማትፈልግ።

ፍንጣሪውን ማግኘት ደግሞ ንጹህ ጂኦሜትሪ ነው። አንድ ምስል ቦታውን እንጂ ጥልቀቱን አይነግርህም። ቱቦውን ገፋ አድርገህ ሁለተኛ ታነሳለህ። ቱቦው ከፊልሙ 60 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ፣ ወደ ጎን 10 ሴንቲሜትር ቢገፋና ጥላው 2 ሴንቲሜትር ቢንቀሳቀስ፣ ፍንጣሪው ከፊልሙ 10 ሴንቲሜትር በላይ ነው። በተመሳሳይ ትሪያንግሎች ራሳችሁ አስሉት። ልጇ ኢሬን ገና በ17 ዓመቷ ከእናቷ ጋር ይህን ሥራ ጀምራለች።

ወታደሮቹ መኪኖቹን «ትንንሾቹ ኩሪዎች» ይሏቸው ነበር። 20 ገደማ ነበሩ፤ ከእነሱ ሌላ 200 ያህል ቋሚ የኤክስሬይ ጣቢያዎች ተቋቁመዋል። ኩሪ 150 ያህል ሴቶችን ለዚሁ ሥራ አሠልጥናለች፤ ኤሌክትሪክ፣ የጨረር ፊዚክስና አናቶሚ እያስተማረች። ከሚሊዮን በላይ ቁስለኞች በእነዚህ ማሽኖች ታይተዋል።

ጨረሩ ግን ቁስለኛውን ብቻ አይደለም የሚያገኘው። ቁስለኛው አንዴ ተነስቶ ይሄዳል፤ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰዋ ሴት ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ናት። የዚያን ጊዜ መከላከያ በዛሬ መለኪያ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ኩሪ በ1934 በደም ማነስ በሽታ ሞተች። በ1995 አፅሟ ወደ ፓሪሱ ፓንተዎን ሲዛወር የጨረር ባለሙያዎች ለኩ፤ የራዲየሙ መጠን ከተጠበቀው ያነሰ ሆነ። በዚህም የተነሳ ለሕመሟ ከራዲየሙ ይልቅ የጠረጠሩት እነዚያን የጦርነት ዓመታት ኤክስሬዮች ነው።