ዕርፍና ዶንጎራ በሐረር

ነቢዩ ኤልያስ ኤልሳዕን ያገኘው በአሥራ ሁለት ጥማድ በሬ ሲያርስ ነበር። የተጠራው ገበሬ ሁለት በሬዎች አርዶ፣ ሥጋቸውን በእርሻው ዕቃ ቀቅሎ ሕዝቡን አበላና ተከተለው። በሉቃስ 9፥62 ደግሞ ክርስቶስ ዕርፍ ጨብጦ ወደ ኋላ የሚያይ ሰው ለመንግሥቱ እንደማይበቃ ያስተምራል። የሰሜን ገበሬ ይህን ለመረዳት ሰባኪ አያሻውም፤ ዐይኑ ከፊቱ ከተነሣ ትልሙ ይጣመማል።

የሐረር መሬት ግን ሌላ ነው። ከከተማዋ የጁገል ግንብ ውጭ ባሉት ተዳፋቶች ማሽላ፣ ቡናና ጫት ይበቅላሉ፤ በጫት ረድፎች መካከል በሬ ማዞር ስለሚያስቸግር የኦሮሞ ገበሬ ብዙውን ሥራ ዶንጎራ በሚባል መቆፈሪያ ይሠራል።

በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት ድል አድርገው ሐረርን ያዙ። በከተማዋ የፈረስ መጋላ አደባባይ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ የዕርፍ ምሳሌም በመቆፈሪያ በሚታረስ አገር መካከል ይነበብ ጀመር።

በቅዱስ መጽሐፍ ግን እርሻ የጥሪ ምሳሌ ብቻ ሳይሆን የሸክምም ምሳሌ ነው። የእስራኤል ሕዝብ ንጉሥ ሮብዓምን የአባቱን ከባድ ቀንበር እንዲያቀልለት ለመነ፤ ንጉሡ እምቢ አለ፣ መንግሥቱም ተከፈለ። ከምኒልክ ድል በኋላ ለሐረርጌ ገባር ከዕርፉ ምሳሌ ይልቅ ይህ ታሪክ ይቀርበው ነበር፤ ምርቱን ለነፍጠኛ ይከፍል፣ ጉልበቱንም ይሰጥ ነበርና። መሬቱ ከባለርስቶች እጅ የወጣው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።