ቁጥር የማን ነው? ከአል-ካሺ ስሌት እስከ ውርስ ክፍፍል

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የዛሬው ርዕሳችን ፈላስፎችን ለዘመናት ያከራከረ ጥያቄ ነው። ሒሳብን ሰው ፈጠረው ወይስ የነበረውን አገኘው? የግሪኩ ፕላቶ ቁጥርና ቅርጽ ሰው ቢያውቃቸውም ባያውቃቸውም ያሉ እውነቶች ናቸው ብሎ ያስተምር ነበር። በኋለኛው ዘመን የተነሱ ሌሎች ደግሞ ሒሳብ እንደ ቋንቋ ሰዎች የተስማሙበት ነገር ነው ይላሉ። እኛ ከታሪካችን ሁለት ምስክሮችን እንጥራ።

የመጀመሪያው ጊያሡዲን ጀምሺድ አል-ካሺ ነው። የካሻን ተወላጅ የሆነው ይህ ሊቅ በሰመርቀንድ በኡሉግ ቤግ ዘንድ ይሠራ ነበር። በ827 ዓመተ ሒጅራ (1424 እ.ኤ.አ) የክብ ዙሪያ የዲያሜትሩ ስንት እጥፍ እንደሆነ፣ ማለትም ዛሬ ፓይ የምንለውን ቁጥር አሰላ። ዲያሜትሩ የምድርን 600,000 ጊዜ የሚያህል ክብ ቢኖር እንኳ፣ በዙሪያው ስሌት ላይ ያለው ስህተት ከፈረስ ጸጉር ውፍረት እንዳይበልጥ ፈለገ። ለዚህም 805,306,368 ጎኖች ባሉት ቅርጽ ሠርቶ ከነጥብ በኋላ 16 አሃዞችን በትክክል አገኘ።

በ1596 በሆላንድ ሉዶልፍ ቫን ኮይለን 20 አሃዞችን አሳተመ። አገሩም፣ ቋንቋውም፣ ሃይማኖቱም ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ 16 አሃዞች ግን ያው የአል-ካሺ ናቸው።

ታዲያ የሰው ድርሻ የቱ ነው? አል-ካሺ ስሌቱን የሠራው ከባቢሎን በተወረሰው በ60 የመቁጠር ዘዴ ነው፤ ከዚያ ወደ አስር ቤት መለሰው። የአስሩ አሃዞች አጻጻፍ ደግሞ ከሕንድ የመጣ ነው። ምልክቱና ዘዴው የሰው ሥራ ነው፤ ውጤቱ ግን በየትኛውም ምልክት ቢጻፍ አይለወጥም።

ሁለተኛው ምስክር ከፈራኢድ ነው። በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ኸሊፋነት አንዲት ሴት ባልና ሁለት እህቶች ትታ ሞተች። በሱረቱ አን-ኒሳእ በተደነገገው መሠረት የባል ድርሻ ግማሽ፣ የሁለቱ እህቶች ሁለት ሦስተኛ ነው። ሲደመር ሰባት ስድስተኛ ይሆናል። ንብረቱ 42,000 ብር ቢሆን ባል 21,000፣ እህቶች 28,000 ይጠይቃሉ፤ 7,000 ብር ይጎድላል ማለት ነው።

ዑመር ሶሐቦችን አማከሩና ንብረቱ ሰባት ቦታ ተከፈለ፤ ሦስቱ ለባል፣ አራቱ ለእህቶች። በምሳሌያችን 18,000 እና 24,000 ብር ይደርሳቸዋል። ጉድለቱን ሁሉም እንደየድርሻው ተሸከመ። ይህ ዐውል ይባላል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በዚህ አልተስማሙም፤ ጉድለቱ በአንዳንዶቹ ወራሾች ላይ ብቻ ይረፍ የሚል አቋም ነበራቸው።

ልብ በሉ! ሶሐቦች የተለያዩት ጉድለቱን ማን ይሸከም በሚለው ላይ ነው። ግማሽና ሁለት ሦስተኛ ከአንድ በላይ መሆናቸውን ግን ማንም አልካደም። ኸሊፋም ቢሆን ያንን ሊሽር አይችልም። ድምሩ ከሰው ፈቃድ ውጭ ነው፤ ፍትሑን መፈለግ ደግሞ ለሰው የተተወ ኢጅቲሃድ ነው።

ከሰው አእምሮ ውጭ ነው ስንል ከአላህ ዕውቀት ውጭ ነው ማለታችን አይደለም። ሁሉን የሚያውቀው እሱ ነው፤ እኛ የምናገኘው ከፈቀደልን ያህል ነው። ስለዚህ በሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴም ሆነ የእህቱን ድርሻ የሚያጎድል ወንድም የሚጣላው ከሰው ስምምነት ጋር ብቻ አይደለም፤ ከእውነት ጋር ነው። ልጆቻችን ቁርኣንን እንዲያጠኑ የምንተጋውን ያህል ሒሳብንም በሚገባ እንዲማሩ እንትጋ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይለግሰን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።