የአነስተኛ አውሮፕላን ብሬከር ፓነል ማሻሻል

የብሬከር ፓነል ማሻሻል ያረጁ ፊውዞችንና ብሬከሮችን፣ ኃይል የሚያከፋፍለውን ባስ ባርና እንደ ሁኔታው ሽቦዎቹን በአዲስ የመተካት ሥራ ነው። በተለይ የሚያስፈልገው ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ እንደቀረበው ሴስና 172 ላሉ፣ ዛሬም ለሚበሩ አሮጌ አውሮፕላኖች ነው።

ብሬከር በዋናነት የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ራዲዮውን አይደለም። በአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መመሪያ ለ22 ቁጥር የመዳብ ሽቦ 5 አምፔር፣ ለ18 ቁጥር 10 አምፔር ብሬከር ተመድቧል። ደጋግሞ የሚዘለውን ብሬከር በትልቅ አምፔር መተካት ሽቦውን ለእሳት ማጋለጥ ነው።

አመጣጥ

የብሬከርን ሐሳብ ቶማስ ኤዲሰን በ1879 እ.ኤ.አ. አስፍሮታል፤ ለቤት የሚሆነው ትንሹ ብሬከር ግን ብዙ ጊዜ ለጀርመናዊው ሁጎ ስቶትስ (1924 እ.ኤ.አ.) ይሰጣል። በአውሮፕላን ላይ የታወቀው የክሊክሰን ብሬከር ታሪክ ደግሞ ወደ አሜሪካዊው ጆን አልቢ ስፔንሰር ይወስዳል። እንደሚተረከው፣ ስፔንሰር በልጅነቱ ሜይን ግዛት ውስጥ የአንድ እንጨት ፋብሪካ ቦይለር ሲጠብቅ፣ የምድጃው በር በሙቀት ለውጥ ቀጭ እያለ ሲገለበጥ አስተዋለ። ድምፁን ማገዶ የሚጨመርበት ምልክት አድርጎት ነበር ይባላል። ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀውና ሲግል በድንገት የሚገለበጠው የብሬከሩ ዲስክ ከዚህ እንደተወለደ ይነገራል።

የሚሳብና የማይሳብ

በአሮጌ ፓነሎች ላይ ያሉ ብዙ ብሬከሮች ሲዘሉ ተመልሰው ይገፋሉ እንጂ በጣት ተስበው አይወጡም። ጭስ የሸተተው አብራሪ አንዱን መስመር ነጥሎ መቁረጥ ስለማይችል ዋናውን ማጥፊያ ይዘጋል፤ ራዲዮውም አብሮ ይጠፋል። የማሻሻያው ትልቁ ጥቅም፣ አንገቱ ወጣ ያለ፣ በሁለት ጣት የሚሳብ ብሬከር ማስገኘቱ ነው።

የተሳበን ብሬከር መልሶ መግፋት ግን ሌላ አደጋ አለው። ሐምሌ 2007 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ፣ ሳንፎርድ ውስጥ በተከሰከሰው ሴስና 310 ላይ፣ በቀደመው በረራ የቃጠሎ ሽታ የተሰማበት አብራሪ የራዳሩን ብሬከር ስቦ ነበር። ብልሽቱ ሳይጠገን አውሮፕላኑ እንደገና በረረ። መርማሪዎች ብሬከሩ ተመልሶ ሳይገፋ እንዳልቀረ ገምተዋል። በአውሮፕላኑ ውስጥ 2፣ መሬት ላይ 3 ሰዎች ሞቱ።

አሠራር

መጀመሪያ ባትሪው ይነቀላል፤ እያንዳንዱ ሽቦ ከመፈታቱ በፊት ምልክት ይደረግበታል። በባስ ባሩ ላይ በደንብ ያልጠበቀ ብሎን ስለሚግል፣ ዙሪያው የጠቆረ ተርሚናል ተቆርጦ በአዲስ ይተካል። የጭነት መቆጣጠሪያ ከሌለ የማያቋርጥ ጭነት ከአልተርኔተሩ አቅም 80 በመቶ እንዳያልፍ ይመከራል።

ፈቃድ

በአሜሪካ ሥራው ከዐቢይ ለውጥ ከተመደበ ፎርም 337 ይሞላል።