የዲያሜትር ምልክትና የቆቦ ጉድጓዶች

ከወልዲያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ቆቦ፣ በዞብል ተራሮችና በምዕራቡ ደጋ ግርጌ መካከል በተዘረጋ ደለላማ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ናት። የራያ ቆላ ገበሬ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላና ጤፍ ሲያበቅል ኖሯል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቆቦ-ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን የከርሰ ምድሩን ውኃ በጥልቅ ጉድጓድ እየሳቡ ማልማት ተስፋፋ። ጥልቅ ጉድጓድ ደግሞ፣ ከአፉ እስከ ወለሉ፣ በንድፍ ላይ የዲያሜትር ጽሑፍ ነው።

ሰያፍ መስመር ያቋረጣት ክብ፣ ማለትም ⌀፣ መልኳ የግሪኩን ፋይ ስለሚመስል ብዙዎች ያምታቷታል። በቀድሞው የአሜሪካ ንድፍ በምልክቷ ፈንታ ከቁጥሩ በኋላ «ዲያ» የሚል አሕጽሮት ይጻፍ ነበር። የቀዳዳው ማስታወሻም ትእዛዝ ነበር፤ ይኸውም በዚህ ፑንታ ሰርስር፣ አፉን እስከዚህ አስፋ፣ ይህን ያህል ግባ የሚል። ንድፍ አውጪውና ባለ ትራፓኖው በአንድ ጣራ ሥር እስከሠሩ ድረስ ይህ ጉዳት አልነበረውም። ንድፉ ባሕር ሲሻገር ግን የአንዱ ወርክሾፕ ልማድ ለሌላው እንቆቅልሽ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የአሜሪካ ደረጃ ⌀ን ከቁጥሩ በፊት አስቀመጠ፤ ለጥልቀትና ለሰፋ አፍ ቀዳዳ የራሳቸውን ምልክት ሰጠ፤ ቀዳዳው የሚሰረሰርበትን ዘዴ ለሠራተኛው ተወለት። ትልቁ ለውጥ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ንድፍ ሥራውን ማዘዝ ትቶ ዕቃውን መግለጽ ጀመረና።

ኢትዮጵያ ንድፍን የተማረችው ከአንድ መምህር አይደለም። የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 ሲመሠረት፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ተከፈተ። አራት ቀዳዳዎችን የሶቪየቱ ንድፍ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ቀዳዳ» የሚለውን ቃል አሳጥሮ ሲጽፍ፣ የአሜሪካው በማባዣ ምልክት ያመለክታቸዋል፤ የቀድሞው የቻይና ንድፍ ደግሞ በሰረዝ ያመለክታቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የሚዛንና የመለኪያ አዋጅ ቁጥር 208 ሜትሪክን ቢደነግግም፣ በቧንቧ ገበያ ኢንች እስከ ዛሬ አልተነቀለም።

የቆቦው ጉድጓድ ችግርም ከዚሁ ይነሣል። ጉድጓዱ በቁም ተቆርጦ ሲነደፍ ክብነቱ አይታይም፤ የሚታዩት ሁለት ትይዩ መስመሮች ናቸው። ስለዚህ ⌀ የግድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። «8 ኢንች» የሚባለው የብረት ቧንቧ የውጭ ዲያሜትሩ 219.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ 8 ኢንች ግን 203.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስያሜው ልክ አይደለም ማለት ነው። ደቃቅ አሸዋ ወደ ፓምፑ እንዳይገባ በቧንቧው ዙሪያ 75 ሚሊ ሜትር የጠጠር ሙሌት እንዲኖር ቢፈለግ፣ ስያሜውን እንደ ልክ የቆጠረ ሰው ቁፋሮው 353 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል ብሎ ባለ 14 ኢንች ቢት፣ ማለትም 355.6 ሚሊ ሜትር ያዛል። የሚፈለገው ግን 369 ነበር። ጠጠሩ ወደ 68 ሚሊ ሜትር ይሳሳል፤ ቧንቧው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለማ በዚያ በኩል ከዚህም ያንሳል። ከ⌀ አጠገብ «የውጭ» የሚል አንድ ቃል ቢጻፍ ኖሮ ስሌቱ ባልተዛባ ነበር።

የፍላንጁ ነገር የባሰ ነው። የስያሜ ልኩ 100 ሚሊ ሜትር የሆነው የአውሮፓ ባለ 16 ባር ፍላንጅ 8 ቀዳዳዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ⌀18 ሲሆኑ የተደረደሩበት ክብ ⌀180 ነው። ባለ 4 ኢንቹ፣ 150 ክፍል የሚባለው የአሜሪካ ፍላንጅም 8 ቀዳዳዎች አሉት፤ ⌀19 ያህል ሲሆኑ ክባቸው ግን ⌀190.5 ነው። ሁለቱ ቢገጣጠሙ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከአቻው 5.25 ሚሊ ሜትር ይስታል፤ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ብሎን ደግሞ ከሁለቱ ቀዳዳዎች የሚያገኘው መፈናፈኛ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በንድፉ ላይ «8 × ⌀18» ተብሎ የክቡ ዲያሜትር ከተዘነጋ፣ ጉድለቱ የሚታወቀው ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ፓምፑ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ፣ ሽንኩርቱ ውኃ እየጠበቀ፣ የጉድጓዱ አፍ ላይ ነው።