መዓዛ አሸናፊ፦ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትን የመሩት የመጀመሪያዋ ሴት

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት አድርጎ ሾመ። ከዚያ በፊት ይህን ኃላፊነት የያዘች ሴት አልነበረችም። ሹመቱ የመጣው ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር ሆነው በተሰየሙ በሳምንቱ ነው። ወይዘሮ መዓዛ ከአራት ዓመት በላይ ፍርድ ቤቱን መርተው በጥር 2015 ዓ.ም. ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአሶሳ እስከ ችሎት

ወይዘሮ መዓዛ በ1956 ዓ.ም. በአሶሳ ተወለዱ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በከፍተኛው ፍርድ ቤት በዳኝነት አገልግለዋል። ደርግ ወድቆ አዲስ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ለሕገ መንግሥት ኮሚሽኑ የሕግ አማካሪ ነበሩ። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያገኙት በአሜሪካ ከሚገኘው ኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ነው።

በ1987 ዓ.ም. ከሙያ አጋሮቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ ጠበቃ የማቆም አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ ነበር። ከፍርድ ቤት ውጭ ደግሞ ሴቶችን የሚበድሉ ሕጎች እንዲለወጡ ይወተውት ነበር።

የአበራሽ በቀለ ጉዳይ

ማኅበሩን በሰፊው ያሳወቀው በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ የተፈጸመ የጠለፋ ወንጀል ነው። የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ተደፈረች። ለማምለጥ ስትሞክርም ጠላፊዋን በጥይት ገደለች። በነፍስ ግድያ በተከሰሰች ጊዜ ማኅበሩ ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ድርጊቷ ራስን መከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት።

ጉዳዩ ከአንዲት ልጅ ዕጣ በላይ ነበር። በሥራ ላይ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ተጠላፊዋን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን በር ክፍት ትቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ ወደ 18 ዓመት ከፍ አደረገ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ ያንን በር ዘጋው። ለሁለቱም ለውጦች ሴት የሕግ ባለሙያዎች ለዓመታት ተሟግተዋል።

ታሪኩ በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ዳይሬክተርነት “ድፍረት” በሚል ርዕስ ፊልም ሆኖ በ2006 ዓ.ም. ለዕይታ በቅቷል። በፊልሙ የወይዘሮ መዓዛን ቦታ የተጫወተችው ተዋናይት ሜሮን ጌትነት ናት። ይሁን እንጂ አበራሽ ታሪኬ ያለ እኔ ፈቃድ ተሠርቷል ስትል ተቃውማለች፤ በአዲስ አበባ የተሰናዳው የመጀመሪያ ትዕይንትም በፍርድ ቤት እግድ ተቋርጧል።

ማኅበሩ ራሱም ከእግድ አላመለጠም። ጥቃት ለደረሰባት አንዲት ሴት የፍትሕ አካላት ተገቢውን ጥበቃ አላደረጉም ብሎ በይፋ ከተቸ በኋላ፣ በ1994 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ በፍትሕ ሚኒስቴር ውሳኔ ሥራው ለጥቂት ሳምንታት ታግዶ ነበር። ወይዘሮ መዓዛ ከማኅበሩ አመራር ከወጡ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሠርተዋል፤ በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን እናት ባንክንም ከመሠረቱት አንዷ ሲሆኑ የቦርድ ሰብሳቢው ነበሩ።

ፍርድ ቤቱ ምን ዓይነት ነው?

በውጭ ለሚኖር አንባቢ የፍርድ ቤቱን ቦታ ከሚያውቀው ጋር ማነጻጸር ይረዳል። ለምሳሌ በቶሮንቶ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚኖር ሰው የካናዳ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የመጨረሻው እርከን እንዳልሆነ ያውቃል፤ ከበላዩ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ። በኢትዮጵያ ግን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለቱንም ሥራ አጣምሮ ይዟል። ከፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚመጣ ይግባኝ ይሰማል። በሰበር ችሎቱ ደግሞ የክልሎችን ጨምሮ የመጨረሻ ውሳኔ ያገኙ ጉዳዮችን፣ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለባቸው፣ ያርማል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የሰበር ችሎቱ የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል።

ሌላም ልዩነት አለ። በካናዳ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉሙት ፍርድ ቤቶች ናቸው፤ በኢትዮጵያ ይህ ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱን የሚያግዘው 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ሲሆን፣ ሰብሳቢው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት ነው።

የፈተና ዓመታት

ይህ ተደራቢ ኃላፊነት ወይዘሮ መዓዛን በ2012 ዓ.ም. የፖለቲካ ውዝግብ መካከል አስገባቸው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አገራዊው ምርጫ ሲራዘም፣ የመንግሥት የሥልጣን ዘመን ካበቃ በኋላ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ወደ አጣሪ ጉባኤው መጣ። ጉባኤው ግንቦት ላይ ባለሙያዎች በቴሌቪዥን በተላለፈ መድረክ ሲከራከሩ ሰማ። የፌዴሬሽን ምክር ቤትም የጉባኤውን የውሳኔ ሐሳብ ተቀብሎ ሰኔ 3 ቀን የሥልጣን ዘመኑን አራዘመ። ደጋፊዎች ክርክሩ በአደባባይ መካሄዱን እንደ አዲስ ጅምር አዩት። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው ለፖለቲካ ችግር የሕግ ሽፋን ተሰጠ አሉ። ሕወሓት ውሳኔውን ሳይቀበል በትግራይ የራሱን ምርጫ አካሄደ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተቀሰቀሰ።

በዚያው 2013 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ወጡ፤ ቁጥር 1233 የፌዴራል ዳኝነት አስተዳደርን፣ ቁጥር 1234 የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን የሚመለከቱ ናቸው። ሁለተኛው አዋጅ ተከራካሪዎች በፍርድ ቤት ጥላ ሥር በአስማሚ አማካይነት የሚስማሙበትን ሥርዓት አካትቷል።

ይሁን እንጂ በጦርነቱና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ዳኛ በዋስ እንዲፈታ ያዘዘለት ሰው በፖሊስ እጅ መቆየቱ ተደጋጋሚ አቤቱታ ነበር። ዳኛ ትዕዛዝ ይሰጣል እንጂ የእስር ቤት ቁልፍ በእጁ የለም። ትዕዛዙን የሚፈጽመው አስፈጻሚው አካል ነውና፣ አዋጅ ማሻሻል ብቻውን ለፍርድ ቤቶች ነጻነት ዋስትና እንደማይሆን እነዚያ ዓመታት አሳይተዋል።

ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የወይዘሮ መዓዛንና የምክትላቸውን የአቶ ሰሎሞን አረዳን የመልቀቂያ ጥያቄ ተቀበለ። በዚያው ቀን አቶ ቴዎድሮስ ምሕረት ፕሬዝዳንት፣ ወይዘሮ አበባ እምቢአለ ምክትል ፕሬዝዳንት ሆነው ተሾሙ።